ከወረርሽኝ በኋላ መድረክ ለምን ያስፈልጋል? ለአንድ የበጀት ኮሚቴ አባል የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በምኖርበት አካባቢ የማኅበረሰብ በጀት የሚያከፋፍል ኮሚቴ አባል ነኝ። የኮቪድ ወረርሽኝ ካለፈ ወዲህ አዳራሻችን በደንብ አላንሰራራም። የቴአትር ቡድኑ ተበትኗል። ኳየሩ ግማሽ አባላቱን አጥቷል። ከኮሚቴው ገሚሱ ‹ገንዘቡ ለጤናና ለትምህርት ይዋል፤ ቴአትር የናፈቀው በስልኩ ይመልከት› ይላል። ነገሩ አልዋጥልኝ ብሏል፤ ግን አሳማኝ መልስ አጣሁ። ከወረርሽኝ በኋላ የመድረክ ጥበብ ለኅብረተሰብ በእርግጥ ምን ይጠቅማል? ወይስ ቅንጦት ነው?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን እኛ የዘርፉ ሰዎች የምናቀርባቸው ምክንያቶች ብዙ ጊዜ ዋናውን ነገር ይስቱታል። «ኢኮኖሚ ያነቃቃል፣ ጤና ይሰጣል፣ ጎብኚ ይስባል» እንላለን። ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ይጋነናል። ወረርሽኝን ከሌላው መከራ የሚለየው ሰውን ከሰው ማስፈራቱ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ወደ ጎረቤት እንሮጣለን። ወረርሽኝ ሲመጣ ግን መራቅ ራሱ ደግነት ይሆናል። ክፉው ቀን ሲያልፍ ያ የለመድነው መራቅ አብሮ አያልፍም። የማናውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ አንድ ነገር አብሮ አይቶ፣ አብሮ መሳቅና አብሮ ማልቀስ እንደገና መለማመድ ይጠይቃል። ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘው የመድረክ ጥበብ ነው። ቴአትሩ፣ ሙዚቃው፣ ዳንሱ፣ ሰርከሱ ሁሉ። የቀረው መልሴ ይህን ማብራራት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሚያመው ጎን ልጀምር። ማርች 10 ቀን 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት በተባለ አካባቢ፣ አንድ ኳየር ለልምምድ ተሰበሰበ። የተገኙት 61 ሰዎች ናቸው። ልምምዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የሕመም ምልክት የነበረበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ 53ቱ በበሽታው እንደተያዙ ተመዘገበ፤ 33ቱ በምርመራ የተረጋገጡ፣ 20ዎቹ በምልክታቸው የተለዩ። ሁለት ሰዎች ሞቱ። አብሮ መዘመር ማለት አብሮ መተንፈስ ነው። ሰውን የሚያቀራርበው ያው ትንፋሽ በሽታውንም አቀበለ። በዓለም ዙሪያ ኳየሮች ጸጥ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ስለዚህ ዛሬ ወደ አዳራሽ ለመመለስ የሚያመነታ ሰው ሲያጋጥምዎ «ፈሪ» ብለው አይለፉት። ሰውነቱ ትክክለኛ ትምህርት ተምሮ ነበር።

ችግሩ፣ ትምህርቱ ጊዜው ካለፈም በኋላ አለመልቀቁ ነው። አንድ ሰው ሲያስል ሁሉም ዞር ብሎ ያያል። ሰዎች ወንበር ሲመርጡ ዳር ዳሩን ይይዛሉ። ብዙዎች ደግሞ ቤት መዋልን ለመዱትና በዚያው ቀሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንዳስታወቀው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ደረጃ በ25 በመቶ ጨምሯል። ድርጅቱ ከጠቀሳቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ከሰው መነጠል ነው። ይህን ቁጥር ኮሚቴዎ ፊት ያቅርቡት። «ገንዘቡ ለጤና ይዋል» የሚሉት ሰዎች የሚያሳስባቸው ጤና ከሆነ፣ የመነጠል ጉዳይም የእነሱ ጉዳይ ነው።

አዳራሽ ውስጥ ምን ይፈጠራል? ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርክሃይም በ1912 ይህን ነገር ጽፎበታል። ሰዎች አንድ ቦታ ተሰብስበው፣ ትኩረታቸውን አንድ ነገር ላይ ሲያደርጉ፣ ለብቻቸው ሲሆኑ የማያገኙት ግለት ከመካከላቸው ይነሣል ይላል። እሱ ያጠናው ሃይማኖታዊ ሥርዓትን ነበር፤ ጥሩ ኮንሰርት ላይ የቆመ ሰው ግን ምን ለማለት እንደፈለገ ወዲያው ይገባዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የስዊድን ተመራማሪዎች አብረው የሚዘምሩ ወጣቶችን የልብ ምት ለኩ። ዜማው የትንፋሽ ቦታውን ሲወስንላቸው የልባቸው ምት አብሮ ከፍ፣ አብሮ ዝቅ ይል ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሸክም አልጭንበትም። ግን ነገሩ ስሜት ብቻ እንዳልሆነ፣ ሥጋችን ውስጥም የሚሠራ መሆኑን ያሳያል።

ከሁሉም ይበልጥ ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመው የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2015 ያወጡት ጥናት ይመስለኛል። ፈጽሞ የማይተዋወቁ አዋቂ ሰዎች ለሰባት ወር በተለያዩ ክፍሎች ተማሩ። አንዳንዶቹ መዝሙር፣ አንዳንዶቹ የእጅ ሥራ፣ ሌሎቹ የፈጠራ ጽሑፍ። በሰባተኛው ወር ሁሉም ክፍሎች በመቀራረብ እኩል ሆነው ተገኙ። የዘማሪዎቹ ልዩነት ፍጥነቱ ነበር። ገና በመጀመሪያው ወር፣ ሌሎቹ ስም ለስም ሲጠያየቁ፣ እነሱ ተቀራርበው ነበር። ይህን ውጤት የምወደው ስለማይዋሽ ነው። «ከሙዚቃ በቀር የሚያቀራርብ የለም» አይልም። የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ሰዎች ገና ሲተፋፈሩ፣ መነጋገር ሲከብዳቸው፣ በረዶውን ቶሎ የሚያቀልጠው አብሮ ማዜም ነው። ከወረርሽኝ የወጣ ማኅበረሰብ ደግሞ በትክክል እዚያ ላይ ነው ያለው። ለረጅም ሐሳብ ልውውጥ ገና አልተዘጋጀም። በመጀመሪያ አጠገብ ለአጠገብ መቆም አለበት።

ቴአትርስ? በ2021 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ1,600 በላይ ተመልካቾችን ይዞ ሦስት ተውኔቶችን ተከታተለ። ግማሾቹ ከማየታቸው በፊት፣ ግማሾቹ ካዩ በኋላ ተጠየቁ። ካዩት በኋላ የተጠየቁት በተውኔቱ ውስጥ ለቀረቡት ሰዎች የበለጠ ርኅራኄ ነበራቸው። ለበጎ አድራጎት የሰጡትም ገንዘብ የበለጠ ነበር፤ ያውም ከተውኔቱ ጉዳይ ጋር ለማይገናኙ ድርጅቶች ጭምር። ውጤቱ ምን ያህል እንደሚቆይ ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን ወረርሽኝ ሲያልፍ እርስ በርስ መወቃቀስ ይበዛል። ጭምብል ያደረገና ያላደረገ፣ የተከተበና ያልተከተበ፣ ሱቁ የተዘጋበትና ደመወዙ ያልተቋረጠበት። የሌላውን ሰው ኑሮ ለአንድ ምሽት ከውስጥ ሆኖ ማየት ለዚህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሐዘን ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ይህን ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እና በ2021 ብቻ በቀጥታም በተዘዋዋሪም ከኮቪድ-19 ጋር የተያያዘው ሞት ወደ 14.9 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል። ከእነዚያ ሟቾች ብዙዎቹ የተሸኙት በጣት በሚቆጠር ሰው ነው። ልጅ እናቱን በስልክ ስክሪን ተሰናብቷል። ማንም ሳያቅፋቸው፣ ሐዘናቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ሥራ የተመለሱ ሰዎች ዛሬ አጠገባችን አሉ። እርም ያልወጣለት ሐዘን የትም አይሄድም። ውሎ አድሮ በቁጣ፣ በዝምታ ወይም ሰው በመሸሽ ይወጣል።

ከ1918ቱ ወረርሽኝ መማር የነበረብን ይህንን ነው። ያ በሽታ በዓለም ላይ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገመታል። በዚያው ዓመት ላበቃው ለመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በየአደባባዩ ሐውልት ቆመ፤ በየዓመቱም ይታሰባል። ለወረርሽኙ ሟቾች ግን ይህ ነው የሚባል መታሰቢያ አልተደረገም። የታሪክ ጸሐፊዎች «የተረሳው ወረርሽኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሕዝብ የጋራ ሐዘኑን የሚያኖርበት ቦታ ካላገኘ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ይሸከመዋል።

መድረክ ያንን ቦታ ሊሰጥ ይችላል። የባርሴሎናው ሊሴው ኦፔራ ቤት ጁን 22 ቀን 2020 ሲከፈት 2,292ቱ ወንበሮች ሁሉ ተይዘው ነበር፤ የተቀመጡባቸው ግን ሰዎች ሳይሆኑ ተክሎች ናቸው። አራት ሙዚቀኞች ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ፑቺኒ በሐዘን ጊዜ የጻፈውን ሙዚቃ ተጫወቱ። ተክሎቹ ከዚያ በኋላ ለጤና ባለሙያዎች ተሰጡ። ሐሳቡ የሠዓሊው ኤውሄኒዮ አምፑዲያ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ «ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» የሚሉ አይጠፉም። እኔ ግን የጎደለውን ሰው በጉድለቱ ያሳየ ዝግጅት አድርጌ ነው የማየው። በኒው ዮርክ ደግሞ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ከማርች 2020 ጀምሮ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ፣ በአዳራሹ ውስጥ በመጀመሪያ ያሰማው ድግስና ፌሽታ አልነበረም። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2021 የቨርዲን የሙታን ጸሎት ሙዚቃ አቀረበ። ዕለቱ የሽብር ጥቃቱ 20ኛ ዓመት ስለነበር የሟች ቤተሰቦች ተጋብዘዋል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን የዓመት ከመንፈቁንም ሐዘን ይዞ ነው የገባው።

ለኮሚቴዎ ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር ይወሰዳል። የመጀመሪያው ዝግጅታችሁ የግድ ኮሜዲ መሆን የለበትም። «ሕዝቡ ደክሞታል፣ ይሳቅ» የሚለው ሐሳብ ቅን ነው። ግን ያላለቀሰ ሰው ከልቡ ለመሳቅ ይቸገራል። የሟቾች ስም የሚጠራበት፣ ሙዚቃ ያለበት፣ ሰው ቆሞ የሚያዳምጥበት አንድ ምሽት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ስል መድረክ በሽታ ይፈውሳል ማለቴ አይደለም። ይህ ስሕተት የቆየ ነው። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሊቪ እንደጻፈው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ364 ሮም በቸነፈር ስትታመስ ሌላው ዘዴ ሁሉ አልሠራ ሲል የመድረክ ትርኢት ተጀመረ። ከሮም በስተሰሜን ካለችው ከኤትሩሪያ ተወዛዋዦች ተጠሩ፤ በዋሽንት እየታጀቡ ጨፈሩ። እስከዚያ ድረስ የሮም ሰው የሚያውቀው የፈረስ ግልቢያ ዓይነቱን የአደባባይ ትርኢት ብቻ ነበር። ሊቪ ታዲያ አይሸነግለንም። ትርኢቱ ልብን ከፍርሃት፣ ሥጋንም ከበሽታ አላሳረፈም ይላል። ይባስ ብሎ የቲበር ወንዝ ሞልቶ የትርኢቱን ሜዳ አጥለቀለቀው። ቸነፈሩ በራሱ ጊዜ አለፈ። የመድረክ ትርኢት ግን በሮም ቀጠለ። ለመድኃኒትነት መጥቶ፣ መድኃኒት ሳይሆን፣ ሰዎች ሳይተዉት መቅረታቸው የሚነግረን ነገር አለ።

ሁለተኛው ምሳሌ የጀርመኗ ትንሽ መንደር ኦበራመርጋው ናት። በ1633 ቸነፈር ሲፈጃቸው ነዋሪዎቹ ተሳሉ፤ ከተረፍን የክርስቶስን ሕማማት በተውኔት እናሳያለን አሉ። በ1634 ጀመሩ። ዛሬም በየአሥር ዓመቱ የመንደሩ ሰው ራሱ ይሠራዋል። የ2020ው ዙር በኮቪድ ምክንያት ወደ 2022 ተገፋ፤ በወረርሽኝ የተወለደው ተውኔት በሌላ ወረርሽኝ ተስተጓጎለ ማለት ነው። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ በደስታ ይነገራል። ሌላም ገጽ አለው። ተውኔቱ ለረጅም ዘመን አይሁዶችን በክፉ ዓይን የሚያሳይ ነበር፤ ሂትለርም አሞግሶታል። ጽሑፉ በደንብ የተስተካከለው ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ነው። ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። መድረክ ሰውን የሚያሰባስበው አንዳንዴ በሌላው ላይ ነው። ወረርሽኝ ደግሞ ሁልጊዜ «ማን አመጣብን?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ገንዘብ ስትሰጡ ምን እንደሚታይ፣ ማን መድረኩ ላይ እንደሚወጣ፣ ማን ደጅ እንደሚቀር ጠይቁ። ጥበብ በመሆኑ ብቻ ደግ ይሆናል ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

ስለ ጤና ጥቅሙ እርግጠኛ ሆኜ የምጠቅሰው አንድ ጥሩ ማስረጃ አለ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ ከለንደን የሐኪም ቤት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በ2020 አንድ ፕሮግራም ጀመረ። ኮቪድ ለቆአቸው ትንፋሽ ማጠሩ ያልለቀቃቸውን ሰዎች ለስድስት ሳምንት በኦንላይን አተነፋፈስና ዜማ ያስተምራል። የሚጠቀሙት እሹሩሩ ነው። ዜማው ቀላልና የሚያረጋጋ በመሆኑ ተመረጠ። ከዚያ 150 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ፈተኑት፤ ውጤቱም በ2022 ታተመ። የተሳተፉት ሰዎች የአእምሮ ደኅንነታቸው ተሻሻለ፤ በትንፋሽ ማጠሩም በከፊል እፎይታ አገኙ። አካላዊ ጤናቸው በጠቅላላው ተለወጠ አልተባለም። ልከኛና ታማኝ ውጤት ነው፤ ለዚያም ነው የማምነው።

አንድ ሌላ ቁጥር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2019 መጨረሻ የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ የሆኑ 6,710 ሰዎችን እስከ 14 ዓመት ተከታተለ። ቴአትር፣ ኮንሰርት፣ ሙዚየም በየጥቂት ወሩ የሚሄዱት ጨርሶ ከማይሄዱት ይልቅ በክትትሉ ጊዜ የመሞት ዕድላቸው በ31 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ የሀብትና የጤና ልዩነቶችን ለማጣራት ሞክረዋል። ያም ሆኖ መከታተል ብቻ መንስኤን አያረጋግጥም፤ መሄድ የሚችል ሰው ቀድሞም ጠንከር ያለ ሊሆን ይችላል። «ቴአትር ዕድሜ ያስረዝማል» ብለው ኮሚቴ ፊት ከቆሙ አንድ የሠላ ሐኪም በአንድ ጥያቄ ይጥልዎታል።

«በስልኩ ይመልከት» የሚለው ክርክር ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። የለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ የተቀረጹ ተውኔቶችን በዩቲዩብ በነፃ ሲለቅ በአራት ወር ውስጥ ከ15 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታዩ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ፣ ሩቅ ገጠር የሚኖር፣ ሕፃን ልጅ ያላት፣ ቲኬት መግዛት የማይችል ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ መድረክ አየ። አዳራሾች ሲከፈቱ ብዙዎቹ ይህን በር መልሰው ዘጉት። ይህ ያሳዝነኛል። እናንተ አትዝጉት።

ነገር ግን ስክሪን ሁለት ነገር አይሰጥም። አንደኛው ተመልካቹ ራሱ ነው። አዳራሽ ውስጥ ተዋናዩ የእኛን ሳቅ ይሰማል፤ ቆም ይላል፤ ዝምታችን ሲከብድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኛም ሥራው ውስጥ አለንበት። ስልክ ላይ ብንስቅ ማንም አይሰማንም፤ መሐል ላይ ሜሴጅ ሲመጣም ጥለነው እንሄዳለን። ሁለተኛው የባለሙያው እንጀራ ነው። ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በወረርሽኙ ወራት በየምሽቱ ነፃ ኦፔራ ያስተላልፍ ነበር። በዚያው ጊዜ የራሱ ሙዚቀኞችና የኳየር አባላት ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ተቀምጠዋል። ሕዝቡ ያጨበጨበለት ቅጂ ነበር። የሠራው ሰው ቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት ነበር።

ስለ ኢኮኖሚው አጭር ልሁን። ዩኔስኮ በ2020 ብቻ በዓለም ላይ በፈጠራ ዘርፎች 10 ሚሊዮን የሥራ ዕድል እንደጠፋ አስታውቋል። ጉዳቱ ከባድ ነው። ይሁንና መድረክን በትርፍ ብቻ ማስከበር ወጥመድ ይመስለኛል። ዊሊያም ባውሞልና ዊሊያም ቦወን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1966 ያሳዩት ነገር አለ። ፋብሪካ በየዓመቱ በጥቂት ሰው ብዙ ያመርታል። አራት ሰው የሚጫወተውን ሙዚቃ ግን በሦስት ሰው፣ በግማሽ ሰዓት መጨረስ አይቻልም። የሌላው ዘርፍ ደመወዝ ሲያድግ የመድረክ ወጪም አብሮ ይወጣል፤ ምርታማነቱ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ያለ ድጎማ የሚቆም የመድረክ ጥበብ ጥቂት ነው። ይህ የባሕርዩ ነገር ነው፤ የአስተዳደር ድክመት ተደርጎ እንዳይታይ።

ተመልካቹም ቶሎ አይመለስም። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሙዚቃዊ ያልሆነ ተውኔት ያየ አዋቂ በ2017 9.4 በመቶ ነበር። በ2022 4.5 በመቶ ሆነ። ከግማሽ በታች ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ወንበር ባዶ ስለሆነ «ሕዝቡ አይፈልግም» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። የተሰበረ ልማድ በአንድ ወቅት አይጠገንም።

ታዲያ ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ምን ላይ ይዋል? የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ሰው ላይ። መብራት መግዛት፣ መጋረጃ መቀየር ያጓጓል፤ ፎቶ ላይም ያምራል። ግን አዳራሽ ለጥቂት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ የመብራት ባለሙያው ግን ሹፌር ሆኖ ይቀራል። ዳንሰኛ ሁለት ዓመት ካልሠራ ሰውነቱ ይለወጣል። የመድረክ ሰዎች አብዛኛዎቹ ቋሚ ቅጥር ስለሌላቸው መንግሥታት ተቋማትን ሲደጉሙ እነሱ በመሐል ይወድቃሉ። ፈረንሳይ ይህን ቀድማ ያሰበች አገር ናት። በ12 ወር ውስጥ 507 ሰዓት የሠራ የመድረክ ባለሙያ ሥራ በሌለው ጊዜ አበል ያገኛል። ወረርሽኙ ሲመጣ ሰዓቱን መሙላት ስላልተቻለ መብታቸው እንዲራዘም ተደረገ። አየርላንድ ደግሞ በ2022 ለ2,000 የጥበብ ሰዎች በሳምንት 325 ዩሮ ለሦስት ዓመት መስጠት ጀመረች። የተመረጡት በዕጣ ነው። ተቀባዮቹ ለሥራቸው የበለጠ ሰዓት መስጠት እንደቻሉ፣ ጭንቀታቸውም እንደቀነሰ ታይቷል። እናንተ የመንግሥት ያህል አቅም የላችሁም። አንድ የኳየር መሪና አንድ የቴአትር አሠልጣኝ ለአንድ ዓመት በትርፍ ሰዓት መክፈል ግን ከአብዛኛው ማኅበረሰብ አቅም በላይ አይሆንም።

ቀጥሎ አየር ነው። ይህን ስል ሰዎች ይገርማቸዋል፤ ግን የተመልካች እምነት የሚመለሰው በፖስተር አይደለም። በኦገስት 2020 በጀርመን ላይፕሲሽ ወደ 1,400 በጎ ፈቃደኞች የተገኙበት የሙከራ ኮንሰርት ተደርጎ ነበር። ትልቅ ልዩነት የሚያመጣው የአየር ዝውውሩ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ባርሴሎና ውስጥ 465 ሰዎች በዕለቱ ተመርምረው፣ ጭምብል አድርገው፣ አየሩ በደንብ በሚቀያየር አዳራሽ፣ ያለ ርቀት ኮንሰርት ላይ ዋሉ። ከኮንሰርቱ በኋላ አንድም ሰው ተይዞ አልተገኘም። መስኮት የማይከፈትበት አዳራሽ ካላችሁ ከመጋረጃው በፊት እሱን አስተካክሉ። አስተካክላችሁም ለሕዝቡ ንገሩ። ለጊዜው በአደባባይ፣ በትምህርት ቤት ግቢ መሥራትም ይቻላል።

ምን ዓይነት ሥራ የሚለውን እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔን ቢጠይቁኝ ሕዝቡ ራሱ የሚሳተፍበትን አስቀድማለሁ። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውግስቶ ቦዋል በ1970ዎቹ የፎረም ቴአትርን ሲጀምር ተመልካቹን ከወንበሩ አስነሣው። ተውኔቱ በመጥፎ ሁኔታ ያልቃል። ከዚያ እንደገና ይጀመራል፤ አሁን ግን ማንም ሰው «ቁም!» ብሎ መድረክ ላይ ወጥቶ የተዋናዩን ቦታ ይዞ ሌላ መንገድ መሞከር ይችላል። በወረርሽኙ የተጣሉ ጎረቤቶች፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ወደ ኋላ የቀሩ ልጆች፣ ታማሚ ሲያስታምሙ የከረሙ ነርሶች፣ እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት አላቸው። ይህ ዘዴ ውድ አልባሳት አይፈልግም። የሠለጠነ አወያይ ግን ይፈልጋል፤ ያለ እሱ ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ይሄዳል።

ለልጆችም ልዩ ትኩረት ስጡ። በወረርሽኙ ጊዜ አራት ዓመቱ የነበረ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ክብ ሠርቶ የሚዘፍንበትን ዕድሜ በከፊል በቤት ውስጥ ነው ያሳለፈው።

በመጨረሻ «ወይ ክሊኒክ ወይ ቴአትር» የሚለው ነገር። ብሪታንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትወጣ ከተሞቿ ፈርሰው፣ ምግብ በራሽን ይታደል ነበር። ለጥበብ ሥራ የመንግሥት ገንዘብ የሚያከፋፍለውን የጥበባት ምክር ቤቷን ያቋቋመችው በዚያ ጊዜ፣ በ1946 ነው። የኤዲንብራ ፌስቲቫል በ1947 ተጀመረ። ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷ ደግሞ በ1948። ያው ትውልድ፣ ያው ባዶ ካዝና፣ ሦስቱንም ሠራ። ሐኪም ቤቱን ትቶ ቴአትር አልሠራም፤ ቴአትሩንም ሐኪም ቤቱ እስኪሞላ አላቆየውም። እርግጥ የመጠን ጉዳይ አለ። ክትባት ወይም አስተማሪ በእውነት የሚጎድል ከሆነ እሱ ይቅደም፤ በዚህ አልከራከርም። ብዙ ጊዜ ግን በጀቱ ሲገለጥ ለመድረክ የሚጠየቀው ገንዘብ ከጤናው በጀት ጋር የሚነጻጸር ሆኖ አይገኝም።

ስለዚህ ወደ ስብሰባው ሲሄዱ የመርሕ ክርክር ይዘው አይሂዱ። ትንሽ፣ የሚታይ ነገር ይጠይቁ፦ ለአንድ ዓመት የሁለት ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የአዳራሹን መስኮት ማስተካከያ፣ ቲኬት መክፈል ለማይችል ነፃ መግቢያ። ሲለካም በቲኬት ገቢ ብቻ አይለካ። ስንት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መጣ? ስንቱ ተመልሶ መጣ? ብቻውን ከሚኖረው ስንቱ ኳየሩ ውስጥ ገባ? እነዚህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ መዝግቡ፤ በዓመቱ መጨረሻ ያ ተቃዋሚ ግማሽ ኮሚቴ የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው። ረቂቁን ሲጨርሱ ከላኩልኝ የክፍያውን ስሌት አብሬዎት አየዋለሁ።